ማንም ያልገዛው ክንድ

ጥቅምት ፫፣ ማክሰኞ፣ ዘመነ ዮሐንስ

ይመኑ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ውሉን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ጧት ግራዝማች ደምሌ አስጠሩኝ። ቀለም፣ ብዕር፣ ቁራጭ ብራና ይዤ ጅረቱን ተሻገርሁ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። እንደ ወትሮው። መሬት ለእኩል፣ ሦስት ዓመት። ጥማድ በሬ ከጌታው። በምትኩ አራሹ ታኅሣሥ ፳፱ ቀን በገና ጨዋታ ከኪዳነ ምሕረት ወገን ይቆማል። የአራሹ ስም ማን ይባል? አልሁ። ይመኑ ወልዴ አሉ። ቀና ስል ይመኑ በሩ ላይ ቆሟል። መሬት መሬቱን ያያል።

ስሙን ጻፍሁ። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ብራናዬ፣ ለአንተ ብቻ ልንገርህ። ያን ሰው የገና ዱላ ያስጨበጥሁት እኔ ነኝ። ከሚካኤል ደብር እንደሱ ያለ መቺ ወጥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጅረቱ ወዲህ እኛ፣ ሚካኤል። ከጅረቱ ወዲያ ኪዳነ ምሕረት። በየገናው ገብስ በታጨደበት ሜዳ እንገናኛለን፤ ሃያ ሰው በሃያ ሰው። ቆልማማ ዱላ፣ ከወይራ ሥር የተጠረበች ሩር። ሩሯን ጅረቱን ካሻገርናት የእኛ፤ ከእኛ ዋርካ ሥር ካደረሷት የእነሱ። ቀድሞ ሦስት ያገባ አሸነፈ። ደንቡ አንድ ነው፦ ሰው የሚቆመው ከተጠመቀበት ደብር ጋር ነው፤ ውል ካለበት ግን ውሉ ከሚያስረው ጋር። ግራዝማች ይህን ደንብ ከሁላችን ቀድመው ተረዱት። መሬት አላቸው። እኛ እናሳድጋለን፣ እሳቸው ይወስዳሉ።

ዘጠኝ ዓመት የወገኑ አባት ነኝ። ካሳደግኋቸው ሰባቱ ማዶ ናቸው። ስምንተኛው ዛሬ። አምስት ገና በተከታታይ ተሸንፈናል።


ጥቅምት ፭፣ ሐሙስ

ዳዊት ልገለብጥ ተቀምጬ አንድ ገጽ አልሞላሁም። ሌላ ነገር አስባለሁ።

ጌታ ሰው የሚያስረው በውል ነው። እኛ የራሳችንን ሰው በውል አስረን አናውቅም። የአባቱ ደብር ነው፣ አይሄድም እንላለን። ይሄዳል። ይመኑ ሄደ። አልፈርድበትም፤ አባቱ የተወለት መሬት ድንጋይ ብቻ ነው።

ለጥሩነሽ ነገርኋት። ባለቤቴ ናት፤ ነገር ስትጀምር አንቱ ሰውዬ ትለኛለች።

«አንቱ ሰውዬ፣ መሬት የለዎት፣ በሬ የለዎት። በምን ሊያስሯቸው ነው? በቀለም?»

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ወጥቼ ሜዳውን ዞርሁ። ገብሱ ቢጫ ሆኗል። አጫጅ የለም፤ ጎልማሳውን ሁሉ የንጉሡ ሠራዊት ወስዶታል፣ የቀረውንም ጋፋት ያሉት ፈረንጆች ለብረት ሥራ ወስደውታል። አንድ ባልና ሚስት ብቻቸውን ሲያጭዱ አየሁ። ፀሐይ እስክትጠልቅ የቤት ያህል አላጨዱም።

ያኔ ነው የመጣልኝ። መሬት የለንም። እጅ አለን። አርባ እጅ።


ጥቅምት ፲፩፣ ረቡዕ

ሰባት ሰው ታሰረ።

ውሉ አጭር ነው። እገሌ ሦስት ገና ከሚካኤል ወገን ይቆማል። ወገኑ በሙሉ በመከር አንድ ቀን ወጥቶ አዝመራውን ያጭድለታል፣ ሌላ ቀን ይወቃለታል። ወገኑ ባይወጣለት ውሉ ፈራሽ፤ እሱ ባይቆም ግዝት። እማኝ ሁለት፣ ዋስ አንድ። መምሬ ገላው፣ የደብራችን ቄስ፣ መስቀል ይዘው ያስምላሉ። መጀመሪያ አመነቱ፤ ጨዋታ ነውና ለጨዋታ መማል ይገባል ወይ ብለው። መምሬ፣ አምስት ዓመት የተሸነፍን ጊዜ እርስዎም አልቅሰዋል ብላቸው መስቀሉን አወጡ።

የመጀመሪያው ጓሉ ነው። ግራኝ። ዱላውን በግራ ስለሚይዝ ማንም ወገን ሲመርጥ መጨረሻ ይተወዋል። እኔ አስቀድሜ ጠራሁት። ሰው ሁሉ ቀኝ መቺ ነውና የሜዳው ግራ ጠርዝ ጠባቂ የለውም። ይህን ከዓመታት በፊት አይቻለሁ። ምን ሳደርግ እንደቆየሁ አላውቅም።

ጓሉ ስሙን አይጽፍም። ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። በግራው።


ጥቅምት ፳፮፣ ሐሙስ

የጓሉን ገብስ አጨድን። በአንድ ቀን። አሥራ ስምንት ሰው በአንድ መስመር። እናቱ ሦስት ጊዜ ወጥታ አየች፤ አላመነችም። ማታ አራት ሰው ሌላ መጥቶ ውል ጠየቀ።

ከአጨዳው በኋላ በእርሻው ላይ ትንሽ ተጫወቱ። አንዱ ሩሯን ክፉኛ መታት፤ ከታች ካለው የዋሴ አጥር ውስጥ ገባች። ዋሴ ብሩ ቀጥቃጭ ነው። ሳምንቱን እኩሌታ ጋፋት ይውላል፣ የቀረውን ማረሻ ይሠራል። ከሚካኤል ተጠምቋል፣ ከሚካኤል ይቆርባል። ቤቱ ግን ሰው አይገባም። ዓይኑ ይበላል ይላሉ። ሩሯን ሄዶ የሚያመጣ ጠፋ። እርስ በርስ ይገፋፋሉ። አንዱ በቃ ሌላ እንጥረብ አለ።

ዋሴ ከአጥሩ ውስጥ አየን። የከሰል መቆስቆሻ ቆልማማ እንጨት አነሣ። መታት።

ብራናዬ፣ ስንት ዓመት ሩር አይቻለሁ። ከአጥሩ ወጣች፣ እርሻውን አለፈች፣ ከዋርካው ላይ ሄደች። ወደ ታች ስትወርድ ሁሉም አንጋጠው ያዩአታል።

ከዚያ አንዱ አማተበ። እኔ ደግሞ ስቆጥር ነበር። ከሜዳው መሐል እስከ ጅረቱ ያለውን እርምጃ።


ጥቅምት ፴፣ ሰኞ

ዋሴ ዘንድ ሄድሁ። ከደጁ ቆምሁ። ግቡ አላለም፤ እንደማልገባ ያውቃል። ወናፉን እየነፋ አዳመጠኝ።

የወገኑን ውል ነገርሁት። አጨዳ፣ ውቂያ። መሬት የለኝም አለ። ማረሻ እሠራለሁ እንጂ አላርስም። ልክ ነው። ታዲያ ምን ትፈልጋለህ? አልሁት።

ወናፉን አቆመ።

«ከገና ማግሥት በቀትር ቤቴ ገብታችሁ ትበሉልኛላችሁ። አሥራ ዘጠኙም፣ አንቱም።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ስንት ነገር ይጠይቃል ብዬ ነበር። ይህን አላሰብሁም። ለአንተ አልዋሽም። እኔም በቀጥቃጭ ቤት በልቼ አላውቅም። አባቴም አልበላም።

ቀድሜ እኔ እበላለሁ አልሁት። አፌ ነው የተናገረው። ማሉ አለኝ። ሚካኤልን አልሁ።

ጻፍሁት። ዋሴ ብሩ ሦስት ገና ይቆማል። ወገኑ በታኅሣሥ ፳፱ በቀትር ገብቶ ይበላለታል፤ የወገኑ አባት ቀድሞ። ቀትር ካለፈ ውሉ ፈራሽ፣ ሰውየውም ነፃ።

ሳነብለት ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ተመልሶ ወናፉን ያዘ።


ኅዳር ፫፣ ሐሙስ

የደብራችን ሴቶች ከጧት ጀምሮ ደጄን አጣበቡት። ክታብ ይፈልጋሉ። ከዋሴ ዓይን የሚጠብቅ፣ ከእሱ ጋር ሜዳ ለሚወጡ ልጆቻቸው። እንግዲህ ደብተራ ነኝ፤ ክታብ እጽፋለሁ። ለዋሴ ውል የጻፍሁበት ብዕር ነው፣ ከዋሴ የሚጠብቅ ክታብ የምጽፍበት።

የጓሉ እናት ቀዳሚ ናት።

«የኔታ፣ ጉዱን ያመጡት እርስዎ፣ መድኃኒቱን ይስጡኝ እንጂ።»

«ክታቡ ለዓይን ይሁን ወይስ ለሩጫ?»

«ለሁለቱም ያርጉት። ብራናው እንደሁ ሰፊ ነው።»

አሥራ አንድ ጻፍሁ። ጣቴ ደነዘዘ። ጥሩነሽ ጥግ ተቀምጣ ጥጥ እየፈተለች ታየኛለች። ዘንድሮ የገና ወጪያችንን የከፈለልን ዋሴ ነው አለች። ሳቅዋ ክፉ ነው።

ማታ ላይ ዋሴን መንገድ ላይ አገኘሁት። ሰምቷል።

«የኔታ፣ ለእኔም አንድ ይጻፉልኝ።»

«ከምን የሚጠብቅ?»

«ከእነሱ ዱላ።»

ሳቅሁ። እሱም ጥቂት ሳቀ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። የፊት ጥርሱ አንዱ የለም።


ኅዳር ፲፫፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ገላው አወጁ። ጾመ ነቢያት ነገ፣ በ፲፬ ይገባል። ዘመነ ዮሐንስ ነውና ገናም በ፳፰ ነው።

ቆሜ ነበር፤ መቋሚያዬ ላይ ተደገፍሁ።

በ፳፰። በአራት ዓመት አንድ ጊዜ። ይህን ሕፃን ተማሪ ያውቃል። እኔ ባሕረ ሐሳብ አስተምሬአለሁ። የይመኑን ውል ስጽፍ ግን ግራዝማች ታኅሣሥ ፳፱ አሉ፤ እኔም ፳፱ ብዬ ጻፍሁ። ልማድ። አፍ ያለውን እጅ ጻፈው።

ስለዚህ ይመኑ በገና ዕለት አልታሰረም። በማግሥቱ፣ ሜዳው ባዶ በሆነበት ቀን ነው የታሰረው።

የዋሴ ውል ግን ትክክል ነው። ከገና ማግሥት አለ፣ እኔ ፳፱ አልሁ። በልማድ ተሳስቼ በዕድል ገጠመ። ሊቅ ነኝ እላለሁ።

ለማንም አልተናገርሁም።


ኅዳር ፲፰፣ ዓርብ

አልተናገርሁም ማለት አልታወቀም ማለት አይደለም። ይመኑ ራሱ መጣ። ዲያቆን አስነብቦ ነው። ጫማዬን ሊስም ጎነበሰ፤ ከለከልሁት። እንዲህ አለ፦ ብራናው ፳፱ ነው የሚለው የኔታ። መሬቱንም ሳልለቅ፣ ግዝቱም ሳይነካኝ፣ ከእናንተ ጋር እቆማለሁ። ከአባቴ ደብር ጋር።

ፊቱ በራ። እውነቱን ነው፤ የሚፈልገው ይህን ነው።

ወገኑ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰማ። ደጄ ሞላ። ሲጨፍሩ ቆዩና ዋናውን አመጡት። አሁን ይመኑ አለን። ሃያ ሞላን። ዋሴ ይቅር። ቀድሞ የተናገረው የአጎቴ ልጅ ነው፤ አንገቱ ላይ የእኔ ክታብ አለ። ዋሴ ካልቆመ መብላትም የለም አለ። ሁሉም እፎይ አሉ። የሚያስደስታቸው የይመኑ መምጣት ይሁን የዋሴ መቅረት መለየት አልቻልሁም።

ጓሉ ብቻ አልጨፈረም።

አስቤ እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘኋቸው። ብራናዬ፣ ይመኑና ጓሉ በአንድ ሜዳ። አስበው። በሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ወገን ይሆን ነበር።


ኅዳር ፳፪፣ ማክሰኞ

አራት ቀን አሰብሁ። ዛሬ ቢላዬንና ቀለሜን ይዤ ጅረቱን ተሻገርሁ።

ግራዝማችን አንድ ውል ተሳስቼአለሁ፣ ላርመው አልኋቸው። ብራናውን አወጡ። ፱ኙን በቢላ ፋቅሁ፣ በመዳፌ አለሰለስሁ፣ ፰ ጻፍሁ። እማኞቹ አዩ።

ግ/ች ረዘም አድርገው አዩኝ። ሞኝ ነህ አሉኝ። በሳቅ። ዝም ብትል ሰውየው የአንተ ነበር።

ለእሳቸው አልመለስሁም። ለአንተ እመልሳለሁ። የሃያውም ውል የእኔ እጅ ነው። በእኔ እጅ ስሕተት አንዱ ከታሰረበት ቢያመልጥ ነገ ጓሉም በአንድ ነጥብ ያመልጣል። ወገን የሠራሁት በቃል ነው። መሬት የለኝም። ቃሉን ካነሣሁት ምን ይቀረኛል?

ሌላም አለ። ይመኑን ማንም ይገዛዋል። ዋሴን ግን ማንም አልገዛውም። ያየሁት እኔ ነኝ። ኩራት ነው፤ ኩራት ይሁን።

ማታ ለወገኑ ነገርሁ። ዋሴ ይቆማል። የአጎቴ ልጅ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ይመኑ ከጅረቱ ማዶ ቆሞ አየሁት። እጄን አነሣሁ። አልመለሰም።


ታኅሣሥ ፭፣ ሰኞ

ሁለት ሳምንት ሰላምታ የለም። አጨዳ ግን ይወጣሉ፤ ውል ነው። የሰባት ሰው እርሻ ጨረስን። ዋሴ ከሁሉም ጋር ያጭዳል። በመስመሩ ጫፍ፣ ብቻውን፣ ከሁሉ ቀድሞ ይጨርሳል። ማጭዳቸውን ማታ ወስዶ ስሎ ያመጣል። ማንም አላዘዘውም። የሳለውን ማጭድ እምቢ ያለ የለም። ዓይኑ ቢበላ ስለቱ አይበላም መሰለኝ።


ታኅሣሥ ፲፫፣ ማክሰኞ

ልምምዱ መልክ እየያዘ ነው። ዋሴ አይሮጥም፤ ሲሮጥ እንደ ተጫነ አህያ ነው። ስለዚህ አላስሮጥሁትም። መሐል አቆምሁት። ጓሉ በግራው ጠርዝ ይዞ ይሄዳል፣ ሲከቡት ወደ ኋላ ይሰጣል፣ ዋሴ አንድ ጊዜ ይመታል። አንድ ጊዜ ብቻ። የቀሩት አሥራ ስምንቱ ሥራቸው ለእሱ ቦታ መክፈት ነው። የአጎቴ ልጅ ሳይቀር ይከፍታል። እያጉረመረመ ይከፍታል።

ዛሬ የጓሉ የውኃ ቅል ባዶ ሆነ። ፀሐይ ነው፤ ጾምም ነው፣ ሰዓቱ አልፏል። ከዋሴ ቅል አነሣና ጠጣ። ሳያስብ መሰለኝ። ጨዋታው ቆመ። ሁሉም ጓሉን ያያሉ። ይወድቅ እንደሆነ ይጠብቃሉ። ጓሉም ራሱ ጠበቀ፤ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ።

ምንም አልሆነም። አፉን ጠረገ። ተመልሶ ሁለት አገባ።

ከዚያ በኋላ ማንም ከቅሉ አልጠጣም። ግን ማንም ጓሉ ላይ ምራቁን አልተፋም።


ታኅሣሥ ፳፣ ማክሰኞ

ክታብ የጠየቀች መጣች። የለም አልሁ። ለምን? አለች። ብራና አልቋል አልኋት። አላለቀም።


ታኅሣሥ ፳፰፣ ረቡዕ፣ ገና

አሸነፍን።

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ብርድ ነው፣ ማንም አልተሰማውም። ግ/ች ደምሌ በበቅሎ ላይ፣ ጃንጥላ ተይዞላቸው። በወገናቸው ውስጥ ስምንት የእኔ ሰዎች። ያስተማርኋቸውን በሙሉ አውቃለሁ፤ እነሱም እኔን። የመጀመሪያውን ይመኑ አገባ። ከእጄ የወጣ አመታት ነው። ተናደድሁም፣ ኮራሁም። ሁለቱ በአንድ ሆድ ይኖራሉ።

ጓሉ በግራው ሄደ። ጠባቂ አልነበረም። አንድ ለአንድ። እነሱ ሁለት። የአጎቴ ልጅ በጉልበቱ ተንከባሎ ሩሯን አስቀረ፣ ለጓሉ ሰጠ፣ ጓሉ ደገመ። ሁለት ለሁለት።

ዋሴ እስከዚያ አንድ ጊዜ ሩር አልነካም። ሰው ይስቅበታል። ማዶዎቹ ጋጣ ውስጥ የቆመ በሬ አሉት።

በመጨረሻው ጓሉን አራት ሰው ከበበው። ወደ ኋላ ሰጠ። ይመኑ ገብቶት ነበር፤ ወደ ዋሴ ሮጠ። ዋሴ ግን አልቸኮለም። ቀይ ብረት ሊመታ ያለ መሰለ። መታ። ሩሯ ከይመኑ ራስ በላይ፣ ከሜዳው በላይ፣ ከጅረቱ በላይ ሄደች፣ ከግ/ች አጥር ውስጥ ገባች።

ከዚያ ያለውን አላስታውስም። መሬት ተቀምጬ ነበር መሰለኝ።

በገና ጌታን መሳደብ የተፈቀደ ነው። ሴቶቹ ቀኑን አላሳለፉትም፦

ጥማዱን ሰጥተሃል፣ ሰጥተሃል እርሻ፤
ሩር አባረረህ እንደ ሰው ቤት ውሻ።

ግ/ች ደንቡን ያውቃሉ፤ ሳቁ። ጥርሳቸው ብቻ ነው የሳቀው።

ተጫዋቾቹን በየስማቸው እየጠሩ እልል አሉ። ጓሉ፣ እልልታ። የአጎቴ ልጅ፣ እልልታ። ዋሴ ሲባል ዝም አለ ሜዳው። አንዲት ሴት ብቻ እልል አለች። ከኋላ። ድምፁን አውቀዋለሁ። ቤት ስገባ ጥሩነሽ ድስት ታማስላለች። አልጠየቅኋትም።

ሃያ ሰው፣ በሙሉ የሚካኤል። አንድም የተገዛ የለም። ይህን ጽፌ ልቀመጥ።


ታኅሣሥ ፳፱፣ ሐሙስ፣ ጧት

ዛሬ በቀትር ዋሴ ቤት። ሲነጋ ሁለት በግ ሲጎትት አይቼዋለሁ።

ሰበቡ በማለዳ ደጄ ደረሰ። አንዱ ሆዱን ያመዋል። አንዱ ላሙ ጠፍታለች። ሌላው ሚስቱ ምጥ ይዟታል አለ፤ ሚስቱን ትናንት እስክስታ ስትመታ አይቻታለሁ። የአጎቴ ልጅ እውነቱን ተናገረ። የኔታ፣ ሙት ቢሉኝ እሞታለሁ፣ ብላ ቢሉኝ ግን አልችልም አለ። አልተቆጣሁም። እንደ እሱ ነኝ።

ውሉን አነበብሁላቸው። ቀትር ካለፈ ፈራሽ። ሦስት ገና የሚለው ይሄዳል። ሰምተዋል። መሬት ያያሉ።

ጥሩነሽ ነጠላዬን አጥባ አስቀምጣዋለች። «ከበሉና ቢያምዎት የሚጽፍልዎ ደብተራ አይገኝም» አለችኝ። ግን ነጠላውን አጥባዋለች።

የግ/ች ሰው መጣ። አስቸኳይ ውል አለ፣ አጭር ነው ይላል። ገና ሦስት ሰዓት ነው። እመለሳለሁ።


ያው ዕለት፣ ቀትር ሊሆን ሲል፣ ግ/ች ቤት

በቁራጭ ብራና እጽፋለሁ። ግ/ች እማኝ ሊያስጠሩ ወጥተዋል።

ከመጣሁ ጀምሮ አስቀመጡኝ። ጠላ አስቀዱልኝ። በቅሎ አሳዩኝ። የትናንቱን ጨዋታ አስወሩኝ፤ እኔም ሞኙ አወራሁ። ማውራቱ ደስ ብሎኝ። አሁን ነው ጸሐፊ የሚያስፈልጋቸው።

መሬት ለቤት። የከሰል እንጨት ከጌታው ጫካ። አንድ ላም። በምትኩ ሰውየው ሦስት ገና ከኪዳነ ምሕረት ወገን ይቆማል። ስሙ ማን ይባል? አልሁ።

ዋሴ ብሩ አሉ።

የእኛ ውል አለበት አልኋቸው። ያንተ ውል በቀትር ይፈርሳል አሉ። ማንም አይገባለትም፤ ሰምቻለሁ። አንተም እዚህ ነህ። ጥላህን እየው።

ብዕሬን አነሣሁ። ቀጥል አሉ። ቀጠልሁ። የለመደ እጅ ነው። ግ/ች እንዲህ አሉ፦ ሰውየው ምግቡን ከሰው ሳይቀላቀል ለብቻው ይበላል። ከጌታው ቤት ደጅ አያልፍም። እስከ «ለብቻው» ጻፍሁ።

እዚህ ደጃፍ ላይ ሆኖ ወዲህኛው ዳገት ይታያል። የዋሴ ግቢ። ቄጠማ ጎዝጉዟል፤ አረንጓዴው ከዚህ ይታያል። ዋሴ ነጭ ለብሶ በሩ ላይ ቆሟል። ከአጥሩ ውጭ ሰዎች አሉ። አራት ነበሩ። አሁን ዘጠኝ። አንዱ ዱላውን በግራ ይዟል። የአጎቴ ልጅ ራሱን ተከናንቦ ከሁሉ ኋላ ነው። አይገቡም። አይሄዱምም። ወደዚህ፣ ወደ ጅረቱ ያያሉ።

ቀድሞ እኔ ብያለሁ። የሚጠብቁት እኔን ነው።

የግ/ች ድምፅ ከጓሮ ይሰማል። ውሉ በመስመሩ እኩሌታ ቆሟል። ብዕሩን ከቀለሙ ውስጥ እተወዋለሁ። ጅረቱን በሩጫ ካቋረጥሁ እደርሳለሁ። ጥላዬ እግሬ ሥር ገብቷል። ወጣሁ